አቧራ መጣጩን ማሽን እንዴት እንያዘው?

ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አዲስ አበባ ከመጣነው መካከል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የረገጥነው አውቶቡስ ተራን እንደሆነ የታወቀ ነው። ከመናኸሪያው ወጣ ብሎ ወደ መሳለሚያና ወደ እህል በረንዳ፣ ወይም ወደ መርካቶ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዘለቅ ያለ ሰው ብዙ ዓይነት ሥራ ያያል። እዚህ ወፍጮ ቤት ያጓራል፤ እዚያ እንጨት ቤት መጋዙ ይጮኻል፤ ፈንጠር ብሎ ደግሞ በያጁ የብረት በር ይበይዳል። እህል ሲራገፍ፣ በርበሬ ሲፈጭ፣ ቺፑድ ሲቆረጥ፣ ብረት ሲሞረድ የሚነሣው ብናኝ እዚያ ውሎ ለሚያድረው ሰው እንደ ዕለት እንጀራ ሆኖበታል።

በአንዳንዶቹ ቤቶች ጥግ ላይ አንድ መሣሪያ ቆሞ ይታያል። ላዩ ላይ የጨርቅ ከረጢት፣ ታቹ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ተንጠልጥሎበታል፤ በመካከሉ ሞተር አለው፤ ወፍራም ቱቦውን እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ መጋዙ ዘርግቷል። በትልልቅ ፋብሪካዎች ከጣራ በላይ ቆሞ የምናየው የቆርቆሮ ሾጣጣም የዚሁ ታላቅ ወንድም ነው። ሠራተኛው በቀላል ቋንቋ «አቧራ መጣጭ» ይለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መሣሪያ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ያለ አደጋ እንዴት መያዝ እንዳለበት ማስረዳት ነው። ብዙ ሰው አቧራ መጣጩ ከተገዛና ከተተከለ በኋላ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ማሽኑ አቧራውን አያጠፋውም። ከየቦታው ለቅሞ አንድ ቦታ ላይ ያከማቸዋል። አደጋውንም አብሮ ያከማቸዋል ማለት ነው። ይህችን አንዲት ነገር የተረዳ ሰው ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ደንቦች ባይሸመድዳቸው እንኳ ምክንያታቸው ይገባዋል።

1/ ብናኝ ምን ያደርጋል?

ብናኝ ሁሉ አንድ አይደለም። ዓይን የሚያየው ትልቁ ብናኝ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ በንፍጥና በሳል ተጠርጎ ይወጣል። ክፉው የማይታየው ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ይሆናል። ከ5 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ ግን በአየር ላይ ለረጅም ሰዓት ይንሳፈፋል፤ ስንተነፍስም እስከ ሳንባ ውስጠኛው ክፍል ድረስ ይዘልቃል። «ዛሬ እኮ አቧራ የለም» የሚባልበት ቀን አንዳንዴ ከሁሉ የባሰው ቀን ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው፣ ስለ ሠራተኞች በሽታ በሚናገረው መጽሐፉ ውስጥ ዱቄት ፈጪዎችና እህል አበጣሪዎች በብናኝ እንደሚታመሙ ጽፎ ነበር።

በአገራችንም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን መርምሮ ነበር። ጥጡ በማሽን ከሚናፈስበት ክፍል ሠራተኞች 43.2 ከመቶ፣ ከሚባዘትበት ክፍል ሠራተኞች ደግሞ 37.5 ከመቶ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ የተባለው የጥጥ ብናኝ በሽታ ምልክት ታይቶባቸዋል። በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ከ4 እስከ 24 ከመቶ ነበር። ብናኝ በበዛበት ክፍል በሽተኛው መብዛቱን እዚህ ላይ ልብ ይሏል። የዚህ በሽታ ልዩ ጠባይ ደግሞ ሠራተኛው አርፎ ሲመለስ፣ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረቱን ጨምድዶ መያዙ ነው። ሰውየው ብርድ መታኝ ይላል፤ የመታው ግን ጥጡ ነው።

የእንጨት ብናኝንም በተመለከተ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ የአፍንጫ አካባቢ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። የዱቄት ብናኝ አስም ያስከትላል። የብየዳ ጢስም በዚያው ድርጅት ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ተርታ ገብቷል።

እዚህ ላይ በየሠፈሩ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «ወተት ከጠጡበት አቧራው ይታጠባል» ይባላል። ወተት ምግብ ነው፤ መጠጣቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ብናኙ የገባው ወደ ሳንባ ነው። ሁለቱ በየት በኩል ይገናኛሉ? ሳንባን የሚያድነው ብናኙ ከመግባቱ በፊት መያዙ ብቻ ነው።

2/ መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

አቧራ መጣጭ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም፦ ብናኙ ከሚነሣበት አጠገብ የሚደረገው የመሳቢያ አፍ፣ ቱቦው፣ በሞተር የሚዞረው ፋን፣ ብናኙን ከአየሩ የሚለየው ሳይክሎን ወይም ከረጢት፣ በመጨረሻም የተለየው ብናኝ የሚጠራቀምበት በርሜል ወይም ፌስታል ናቸው።

በመጀመሪያ የመሳቢያውን አፍ እንመልከት። ሻማ በትንፋሽ ከአንድ ክንድ ርቀት ይጠፋል። ከዚያው ርቀት ሆነን አየር ወደ ውስጥ ብንስብ ግን ነበልባሉ ንቅንቅ አይልም። ይህንን ክፍል ውስጥ በቀጭን የወረቀት ቁራጭ መሞከር ይቻላል፤ እፍ ሲባል ወረቀቱ ከሩቅ ይርገበገባል፣ ሲሳብ ግን ከንፈር ሥር ካልሆነ አይነቃነቅም። ምክንያቱም የሚነፋ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ተወርውሮ ይሄዳል፤ የሚሳብ አየር ግን ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። ከቱቦው አፍ የቱቦውን ስፋት ያህል ብንርቅ የአየሩ ፍጥነት አፉ ላይ ከነበረው ወደ አሥር ከመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ቱቦውን ከመጋዙ ግማሽ ሜትር አርቆ አስቀምጦ «ማሽኑ አይስብም» ብሎ መማረር ከንቱ ነው። አፉ ወደ ብናኙ መነሻ መጠጋት አለበት።

ቱቦው ውስጥ ደግሞ አየሩ በበቂ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ለእንጨት ብናኝ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ይህ በሰዓት ሲሰላ 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአውቶቡስ ተራ የተነሣ አውቶቡስ ደህና አስፋልት ላይ ሲሆን የሚሄድበት ፍጥነት ማለት ነው። ፍጥነቱ ከዚህ ሲያንስ ብናኙ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቱቦው ወለል ላይ ተኝቶ ይከማቻል። የቱቦ መተጣጠፍ፣ መቀደድና ያለ አግባብ መርዘም ፍጥነቱን ይቀንሱታል።

ሳይክሎን የሚባለው ሾጣጣ ቆርቆሮ ሥራው ቀላል ነው። የዓባይ በረሃን ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ የወረደ ሰው፣ መኪናው ኩርባ በታጠፈ ቁጥር ወደ ውጪ እየተገፋ ጎረቤቱ ላይ መደገፉን ያስታውሳል። በሳይክሎን ውስጥም አየሩ ሲሽከረከር ከበድ ያለው ብናኝ ወደ ግድግዳው ይገፋና ተንሸራትቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጸዳው አየር በመካከል ወደ ላይ ይወጣል። ይሁን እንጂ ሳይክሎን የሚይዘው ደህና ክብደት ያለውን ብናኝ ነው፤ ያ ሳንባ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ አምልጦ ይሄዳል። ከሳይክሎኑ ቀጥሎ የጨርቅ ከረጢት ወይም ፊልተር የሚደረገው ለዚህ ነው። ከማሽኑ የሚወጣው አየር ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሶ እንዳይገባም የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

3/ አደጋው የት የት ነው?

ሀ/ እሳትና ፍንዳታ

ግንድ በክብሪት አይነድም። ፍልጥ በመከራ ይነዳል። ሰጋቱራ ቶሎ ይያያዛል። ደቃቁ የእንጨት ብናኝ አየር ላይ ተበትኖ ከሆነ ግን እሳት ሲነካው ቦግ ይላል። ነገሩ የሒሳብ ነው። ጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንጨት የውጪ ገጹ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ያንኑ እንጨት ጎናቸው 10 ማይክሮን ወደሆኑ ቅንጣቶች ብንፈጨው የውጪ ገጹ በጠቅላላ 6 ሺህ ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አየሩ እንጨቱን የሚያገኝበት ገጽ ሺህ ጊዜ በዛ ማለት ነው። ዱቄት፣ በርበሬ፣ ስኳር፣ የጥጥ ብናኝ፣ የአሉሚኒየም ብናኝ ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

ፍንዳታ እንዲከሰት አምስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። የሚነድ ብናኝ፣ አየር፣ የብናኙ መበተን፣ የተዘጋ ቦታ፣ እንዲሁም የእሳት ብልጭታ። እስቲ አንባቢ ያስብበት፤ አቧራ መጣጩ ውስጥ ከእነዚህ መካከል አራቱ ሁልጊዜ አሉ! የሚጎድለው አምስተኛው፣ ማለት ብልጭታው ብቻ ነው። የእኛም ጥበቃ በዋነኛነት እርሱ ላይ ነው።

በጽሑፍ ከተመዘገቡት የብናኝ ፍንዳታዎች ቀደምት የሚባለው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1785 በጣሊያን በቱሪን ከተማ በአንድ ዳቦ ቤት የዱቄት መጋዘን የደረሰው ነው። ዱቄት ሲቆፈር ተንዶ በነነና በመብራት እሳት ተያያዘ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2014 ደግሞ በቻይና በኩንሻን ከተማ የመኪና ጎማ ቸርኬ በሚወለወልበት ፋብሪካ የአሉሚኒየም ብናኝ ፈነዳ። በዚያው ቀን ብቻ 75 ሠራተኞች ሞቱ፤ ከዚያም በኋላ በቃጠሎው ምክንያት የሟቾቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ አሻቅቧል። ምርመራው ያገኘውን እንስማ። አደጋው የተነሣው ከራሱ ከአቧራ ሰብሳቢው ነበር። የብናኙ ማጠራቀሚያ ዝጎና ተበላሽቶ እርጥበት ገብቶት ነበር፤ አሉሚኒየሙ ከእርጥበቱ ጋር ተዋህዶ ጋለ፤ ከዚያም ተቀጣጠለ። ሰውን እንዲጠብቅ የተተከለው መሣሪያ ተንከባካቢ በማጣቱ ሰውን ፈጀ።

ለ/ የሚዞረው ክፍል

ፋኑ፣ ቺንጊያውና ፑሌጃው እጅም ሆነ ልብስ ከያዙ አይለቁም። ማጥፊያው ከተጫነ በኋላም ፋኑ በጉልበቱ ለተወሰነ ጊዜ መዞሩን ይቀጥላል። «ጠፍቷል» ማለትና «ቆሟል» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሐ/ ኤሌክትሪክ

ትልልቆቹ ሞተሮች ባለ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ናቸው። የተላጠ ገመድ፣ እርጥብ ወለልና ያለ መሬት ሽቦ የተገጠመ ሞተር ሕይወት ያጠፋል። ከዚህም ሌላ ደረቅ ብናኝ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ በፍጥነት ሲሮጥ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ሹራብ ስናወልቅ እንደሚንጣጣው ማለት ነው። ያቺ ብልጭታ አምስተኛዋ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ቱቦውና ማሽኑ በሽቦ ተያይዘው መሬት መግባት አለባቸው።

4/ የሥራ ቅደም ተከተል

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ማሽን የሚያስነሣ ሰው ከመነሻው ተረጋግቶ መታጠቅ አለበት።

ከማስነሣት በፊት፦
— በርሜሉ ወይም ፌስታሉ ሞልቶ እንደሆነ ይታይ። ሞልቶ ከተነሣ ብናኙ ወደ ላይ ተመልሶ ከረጢቱን ይደፍነዋል።
— ከረጢቱ የተቀደደ፣ ማሰሪያው የላላ፣ ቱቦው የተነቀለ እንዳይሆን ይፈተሽ።
— የቺንጊያው መሸፈኛ በቦታው ይኑር። መሸፈኛ የሌለው ማሽን አይነሣም።
— ነጠላ፣ የአንገት ልብስ፣ የተንጠለጠለ እጅጌና የተለቀቀ ጠጉር ይሰብሰብ።
— ኤሌክትሪክ ተቀይሮ ወይም ሞተር ተጠግኖ ከሆነ የፋኑ አዟዟር ከቀስቱ ምልክት ጋር ይመሳከር። ሁለት ፌዝ ከተለዋወጠ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ዓይነት ፋን ወደ ኋላ ቢዞርም አየሩን የሚገፋው በዚያው አቅጣጫ ነው፣ ግን በጣም ደክሞ። ድምፁም አለ፣ ትንሽም ይስባል፤ ሠራተኛው ደህና እየሠራ ይመስለዋል።

ሥራ ላይ፦
— አስቀድሞ አቧራ መጣጩ ይነሣ፤ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ መጋዙ ወይም ወፍጮው ይከተል።
— ጆሮ ያዳምጥ። ማሽኑ አዲስ ጩኸት ካወጣ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ኩሽኔታው ከጋለ፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ወዲያው ይቁም። ፋን ላይ የተጋገረ ብናኝ ሚዛኑን ያዛባዋል፤ የጋለ ኩሽኔታም ብናኝ ያቀጣጥላል።
— ጎን ለጎን ቆሞ ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለገ ድምፁ ጆሮን የሚጎዳ ነው፤ የጆሮ መክደኛ ይደረግ።
— ሲጋራ፣ ብየዳና ግራይንደር ከአጠገቡ ይራቁ። የቡና ከሰልም እንዲሁ! ቡና ይፈላ፣ ማን ጠላ፤ ግን ከግቢው ውጪ ይሁን።

ሲቆም፦
— በመጀመሪያ መጋዙ ወይም ወፍጮው ይቁም። አቧራ መጣጩ ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ይሥራ፤ ቱቦ ውስጥ የቀረውን ይጠርጋል። ከዚያ ይጥፋ።

መብራት ሲሄድ፦
ይህ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። መብራት ድንገት ሲሄድ ሁሉም ጸጥ ይላል። ሠራተኛው «እስኪመጣ ድረስ ይህን የተደፈነ ቱቦ ላጽዳው» ብሎ እጁን ይከታል። ማብሪያው ግን እንደተጫነ ነው። መብራቱ ይመጣል፤ አንዳንዱ ማሽን ያለ ማንም ትእዛዝ ይነሣል። ስለዚህ መብራት እንደሄደ የመጀመሪያው ሥራ የሁሉንም ማሽን ማብሪያ ማጥፋት ነው። መብራት ሲሄድ ራሱን የሚያጠፋና እንደገና ካልተጫነ የማይነሣ ማብሪያ በገበያ ላይ አለ፤ ዋጋው ከጣት አይበልጥም።

ሲጸዳና ሲጠገን፦
— ዋናው ማጥፊያ ይውረድ፤ በጓጉንቸር ቁልፍ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከሚያጸዳው ሰው ኪስ ይግባ። «ሰው እየሠራ ነው፣ አታብሩ» የሚል ጽሑፍ ይንጠልጠል። ቁልፍ የሌለው ቤት ሶኬቱን ነቅሎ አጠገቡ ያስቀምጥ።
— ፋኑ ጨርሶ እስኪቆም፣ ብናኙም እስኪረጋ ይጠበቅ።
— በርሜሉ በየቀኑ ይደፋ። የሚደፋው ሰው ደህና ማስክ ያድርግ፤ በዚህች ሰዓት የሚተነፍሰው ከቀኑ ሁሉ የባሰውን ነው። ነጠላን አፍ ላይ መጠምጠም ደቃቁን ብናኝ አይይዘውም። ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ለብናኝ የተሠራ ማስክ ያስፈልጋል።
— ከረጢቱ በቀስታ ይርገፍ። በዱላ አይደብደብ፤ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ስስ የብናኝ ሽፋን ራሱ ያጣራል። ፈጽሞ የታጠበ ከረጢት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደቃቁን ያሳልፋል።
— ልብስንም ሆነ ወለልን በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ክልክል ይሁን። የረጋውን ብናኝ አስነሥቶ ሳንባ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ለፍንዳታም ያመቻቻል።
— ጣራው ማገር፣ የመብራት ክዳንና መደርደሪያ ላይ ያለው ብናኝም ይጠረግ። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ውፍረት እንኳ በሰፊ ቦታ ከተነጠፈ ለፍንዳታ ይበቃል። በጣት ስም የሚጻፍበት አቧራ ካለ መጥረጊያው ዘግይቷል።

እሳት ከተነሣ፦
ፋኑ ይጥፋ፤ ከበራ እሳቱን ያራግበዋል። የሚጨስ በርሜል ክዳኑ አይከፈት፤ አየር ሲገባው ቦግ ሊል ይችላል። ሰው ይውጣ። ውኃ ከተረጨ በስሱ እንደ ካፊያ ይሁን፤ በኃይል የሚወረወር ውኃ ብናኙን በትኖ ፍንዳታ ይጠራል። የብረታ ብረት ብናኝ ከሆነ ግን ውኃ ፈጽሞ አይነካው፤ ደረቅ አሸዋ ይልበስ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው፤ ግድግዳው ላይ በጉልህ ይጻፍ።

5/ እንደየቤቱ

በወፍጮ ቤት፦ ከእህሉ ጋር የሚመጣ ሚስማርና ጠጠር ብልጭታ ያወጣል። እህሉ በሚገባበት ጉሮሮ ላይ ማግኔት ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። በርበሬ ቅባት ስላለው ከረጢቱን ቶሎ ይደፍነዋል፤ ለበርበሬ የተለየ ከረጢት ቢኖር ይመረጣል።

በእንጨት ቤት፦ ቫርኒሽ ወይም የተልባ ዘይት የተጠረገበት ጨርቅ ሰጋቱራ ውስጥ አይጣል፤ ያለ ክብሪት ራሱን ችሎ ሊግልና ሊነድ ይችላል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ ሙጫ ስላለበት፣ ለቤት ምድጃ ማገዶ ተብሎ በማዳበሪያ ከረጢት እየተሞላ ባይሸጥ ጥሩ ነው።

በብየዳ ቤት፦ የመሳቢያው አፍ ከበያጁ ራስ በላይ መሆን የለበትም፤ ጢሱ ወደ ላይ ሲሳብ በአፍንጫው በኩል ያልፋልና። በጎን በኩል፣ ለጢሱ መነሻ ቀረብ ብሎ ይደረግ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ የሚበይድ ሰው ማታ ላይ ብርድ ብርድ ብሎት ሊያተኩሰው ይችላል፤ ወባ ነው ብሎ ከመዋጥ በፊት ቀን ምን ሲበይድ እንደዋለ ለሐኪሙ ይናገር። ከሁሉ በላይ ግን የብረትና የእንጨት ብናኝ በአንድ መጣጭ አይሳቡ። የግራይንደር ፍንጣሪ ሰጋቱራ የሞላበት ከረጢት ውስጥ ገባ ማለት ክብሪት ገባ ማለት ነው።

6/ ኃላፊው ማን ነው?

ከገጠር የመጣ ወጣት በአውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ በዘመድ በኩል ከአንድ እንጨት ቤት ይቀጠራል እንበል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣

«ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ምንድነች?» ይላል።

«አቧራ ትስባለች። አረንጓዴውን ስትጫን ትነሣለች፣ ቀዩን ስትጫን ትቆማለች። በቃ» ይባላል።

ሥልጠናው በዚህች «በቃ» ላይ አለቀ! ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ጋሼም ክፉ ሰው አይደለም። ለጋሼም የነገረው የለም። ግን ከወር በኋላ ቱቦው ሲደፈን እጁን የሚከተው ያ ልጅ ነው። ከዓመታት በኋላ ደረቱ የሚያፍነውም እርሱ ነው።

ሕጉ ይህን አይፈቅድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የመከላከያ መሣሪያ መስጠትና አጠቃቀሙን ማሳወቅም ከግዴታዎቹ መካከል ናቸው። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ እንዲጠቀም ያዛል፤ አዋጁ የአደጋ መከላከያውን እንዳያነሣና እንዳያበላሽም ይከለክለዋል። ስለዚህ ጋሼ ማስተማር አለበት፤ ልጁም መሸፈኛውን ፈትቶ «ያዘገየኛል» ማለት አይችልም። ሁለቱም ግን ግዴታቸውን ለመወጣት በመጀመሪያ ማወቅ አለባቸው።

7/ የመምህሩ ድርሻ

አንዳንድ አንባቢ «እኛ መምህራን ነን፤ ስለ ፋብሪካ ምን አገባን?» ሊል ይችላል። ብዙ ያገባናል። ተመርቀን የምንሄድበት ከተማና ቀበሌ ሁሉ ወፍጮ ቤት አለው። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ ከትምህርት በኋላ ወፍጮ ቤት ይውላሉ፣ አባታቸው እንጨት ቤት ይሠራል፣ ወንድማቸው ይበይዳል። ትምህርት አቋርጦ ከተማ የሚገባውም ልጅ በመጨረሻ የሰማው የእኛን ድምፅ ነው።

ደግሞም ትምህርቱ አዲስ መጽሐፍ አይጠይቅም። የወረቀት ቁራጩ ሙከራ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። የተፈጨው እንጨት የውጪ ገጽ ስሌት ለሒሳብ ይሆናል። በጣራ ቀዳዳ በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚዋኘውን ብናኝ አሳይቶ፣ «ከዚህ ያነሰ፣ የማይታይም አለ» ማለት ኖራ እንኳ አይፈጅም። «መብራት ሲሄድ ቤታችሁ ያለውን ማሽን መጀመሪያ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ መጠየቅም አንድ ደቂቃ ነው። ተማሪው ማታ ቤቱ ገብቶ አባቱን መልሶ ይጠይቃል። የአንድ ሰው ጣት በዚህች ጥያቄ ልትተርፍ ትችላለች።

ጠቅለል አድርገን ስናየው፣ አቧራ መጣጭ ጥሩ አገልጋይ ነው፤ ያለ እርሱ ሳንባ አይተርፍም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሚሰበስበው የሚነድና የሚያፍን ነገር ስለሆነ፣ በየቀኑ መደፋት፣ በየጊዜው መፈተሽ፣ ከብልጭታም መራቅ አለበት። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ አንድ ደህና ማስክ፣ አንድ ማግኔት፣ አንድ የመሬት ሽቦ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ለአዲስ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ይበቃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።